ሳይሞት ሊቀበር የነበረ ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ የመሣሪያ ሣጥኔን ስታጸጂልኝ፣ ከታች፣ ከዛጉ ብሎኖች መሀል፣ አንዲት ትንሽ አምፖል አገኘሽ። ሁለት ሽቦ የተንጠለጠለባት፣ በአንዱ ጫፍ ቆንጣጭ፣ በሌላው ሹል ብረት ያላት። «አባዬ፣ ይቺን ልጣላት?» አልሽኝ። ነጠቅኩሽ። የተቆጣሁ መስሎሽ እጅሽን ሰበሰብሽ። አልተቆጣሁም። ዛሬ ታይዋን ገበያ ብትወጪ ቁጥር የሚያሳይና የሚጮህ መለኪያ እንደ ቲማቲም ተደርድሮ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ግን አምፖሏ ያንን የባትሪ አሲድና የጋለ ግሪስ ሽታ እንደያዘች ነበረች። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ጉልበቴ መታመሙን ተወ፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆንኩና የድሬ ፀሐይ ማጅራቴን ለበለበኝ።

የአምፖሏን ነገር ልንገርሽ። ለእናትሽ ግማሹን ነግሬያታለሁ፤ የሚያስመሰግነኝን ግማሽ። ሌላውን ግማሽ ለማንም አልነገርኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አጠገብ፣ የቆርቆሮ ዳስ ነበረችኝ። በሯ ላይ በራሴ እጅ «የመኪና ኤሌክትሪክ ይጠገናል» ብዬ በነጭ ቀለም ጽፌ ነበር፤ መስመሩ ወደ ታች ቢንሻፈፍም ማንንም አላስነካውም። ማንም አላስተማረኝም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የተጣሉ ሬዲዮኖች እየፈታሁና አንድ የጣልያንኛ መጽሐፍ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ነው ሙያውን የያዝኩት። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራት ክፉ ነው አልልሽም፤ ብቻውን ለተማረ ሰው ሌላ የምስክር ወረቀት የለውም። ክፉ የሚሆነው «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ከአፍሽ ሲወስድብሽ ነው። ከእኔ አፍ ወስዶብኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ሾፌር ታክሲውን ዳሴ በር ላይ አቆመ። አባቱ አደሬ፣ እናቱ ኦሮሞ፤ በአራት ቋንቋ የሚሳደብ፣ በአራቱም የሚመርቅ ሰው ነበር። የቆየ ደንበኛዬ ነው። እናቴ ከደጋ የመጣች ስለሆነች ታላላቆቼን አንቱ እንድል ነው ያሳደገችኝ፤ እሱ ግን «አቦ፣ አንቱታህን ለካድሬ አስቀምጥ» ብሎ ከልክሎኛል። መኪናው አራት በር ያላት አሮጌ የጣልያን ሥሪት ናት። ቤቱ ውስጥ ስድስት ነፍስ አለ፤ ስድስቱም የሚበሉት ከእሷ ጎማ ሥር ነው።

«ዋርያ፣ የዝናብ መጥረጊያዬ አይሠራም» አለኝ።

ሳቅኩ። «ድሬ ላይ የዝናብ መጥረጊያ ምን ይሠራልሃል?»

አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእኔ በላይ ይስቅ ነበር።

ድሬን ታውቂያታለሽ። ዝናቡ ተራራው ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉ ወደ እኛ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደቻቱ ሲሞላ ታዪያለሽ። ስለዚህ የድሬ ሾፌር መጥረጊያው ሠራ አልሠራ ጉዳዩ አልነበረም። ካፊያ ከመጣ ሽንኩርት ለሁለት ይገምስና መስታወቱን ያሸዋል፤ ውሃው ሳይዝ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ታክሲዎቹ ሁሉ በክረምት ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸቱ ነበር። የዓመቱን ምርመራ የሚያደርገው የበፊቱ ተቆጣጣሪም የአገሩ ልጅ ስለነበረ፣ መጥረጊያዎቹ በቦታቸው መኖራቸውን በዓይኑ አይቶ ያሳልፋል። በዚያ ዓመት ግን አዲስ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ከደጋ፣ ዝናብ ከሚያውቅ አገር። ይህ ሰው በጣሳ ውሃ ይዞ መስታወቱ ላይ ይደፋና «ጥረግልኝ» ይላል።

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በሁለተኛው ተከራክሮ ነበር።

«አቦ፣ ድሬ ዝናብ የለም። ለሌለ ነገር መኪናዬን ታስራለህ?»

«ሕጉ ለድሬ ብቻ አልወጣም፣ አባት። ነገ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉም ቢይዝህ ተሳፋሪው ምን ይሁን?»

ነገሩ እውነት ነበረ። እውነት ስለሆነም ነው ሽማግሌውን ያናደደው። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቀጠሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ነበር። የዚያን ጊዜ ካልሠራ ታርጋው ይፈታል። በዚያ ዘመን አንዴ የተፈታ ታርጋ ተመልሶ የገባበት ሰው እኔ አላየሁም። ተቆጣጣሪው ታርጋ የሚፈታበትን ካቻቢቴ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ሰክቶ ነበር የሚዞረው።

ሥራዬን ጀመርኩ። ቫልቮላውን፣ አሁን እናንተ ፊውዝ የምትሉትን፣ አየሁ፤ ደህና ነው። የዚያችን አምፖል ቆንጣጭ መኪናዋ አካል ላይ አስይዤ በሹሉ ጫፍ ማብሪያውን ነካሁ፤ በራች። ሽቦውን ተከትዬ ኮፈኑ ሥር ገባሁና መጥረጊያውን የሚያዞረው ሞተር አፍ ላይ ነካሁ፤ እዚያም በራች። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ድረስ ይደርሳል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። ለእኔ ነገሩ አለቀ። ሞተሩን ፈትቼ አወጣሁት፤ አሸተትኩት።

«ተቃጥሏል» አልኩ።

«ሐኪም እንኳ ደረት ያዳምጣል። አንተ በአፍንጫህ ነው የምታየው?»

«ሞቷል አልኩህ፣ አባቴ። ሌላ ፈልግ።»

ሌላ ፈልግ ማለት ቀላል ነው። ለዚያች መኪና መለዋወጫ በዚያን ጊዜ አይመጣም። እንደ እሷ ያለች አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፣ ሁለታችንም የት እንዳለች እናውቃለን። ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ሠራተኞች ቪላዎች ባሉበት መንገድ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ትቆማለች። ባለቤቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወስደውት አልተመለሰም። መኪናዋን ሚስቱ አላስነካችም።

«የሌለ ሰው ዕቃ አይነካም» አለ ሽማግሌው።

«ታርጋህስ?»

የታክሲውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። እኔ ነኝ የገፋፋሁት። ይህንን ልብ በይልኝ።

ከዚራ ስንደርስ ቀትሩ በርዶ፣ የዛፎቹ ጥላ መንገዱን አልብሶት ነበር። ከመስኮቱ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ሴትዮዋ በመርፌ ነበር የምትኖረው፤ ጣቷ ላይ ያጠለቀችውን ቆብ ሳታወልቅ ወጣች። ሽማግሌው ጉዳዩን ማስረዳት አቅቶት ሰላምታውን ሁለት ጊዜ ደገመ። እኔ ነገርኳት።

«እትዬ፣ የሚያስፈልገን ይህችን የምታህል ሞተር ናት። መኪናዋ ምንም አትሆንም።»

እኔን አላየችኝም። እሱን ነበር የምታየው።

«ስንት ነፍስ አለ ቤትዎ?»

«ስድስት።»

«ይውሰዱት» አለች። ወደ ቤት ልትገባ ስትል ዞር ብላ፣ «ሸራውን እንደነበረ አልብሱት» አለችኝ።

ሸራውን ገለጥኩ። ጎማዎቹ ሁሉ መሬት ላይ ተጣብቀዋል፤ አቧራው በሸራው ሥር እንኳ ገብቶ መስታወቱን እንደ ግድግዳ ለስኖታል። ከውስጥ ያለው የስፌት መኪና እየሮጠ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ብሎን ስፈታና ብረቱ ሲንቋቋ፣ ስፌቱ ቆመ። ሁለተኛውን እስክፈታ ድረስ ከቤቱ ምንም ድምፅ አልወጣም። ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ አጥሩን እያየ ቆመ።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሞተሩን ታክሲዋ ላይ ገጠምኩ። ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ሽቦዎቹን አሰርኩ፣ «አብራው» አልኩ። ሽማግሌው ቢስሚላሂ ብሎ ማብሪያውን ሳበ።

ምንም የለም።

«አቦ፣ እሱንም ገደልከው እንዴ?»

ቫልቮላ፣ ደህና። ማብሪያው፣ አምፖሏ በራች። ሞተሩ አፍ፣ አምፖሏ በራች። እንደገና ከመጀመሪያው። እንደገና። ፀሐዩ ወጥቶ ኮፈኑ እጅ ማስነካት ተወ። ሽማግሌው ዳሱ ጥላ ሥር ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፤ አያኝክም፣ ቅጠሉን በጣቱ ብቻ ያሻሻል። ሰዓቱን እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ።

እልህ ያዘኝና ብሎኖቹን መልሼ ፈታሁ። ማብሪያውን ማጥፋት ረስቻለሁ። ሞተሩን ከነሽቦው ከመቀመጫው አንስቼ ጎኑ ያለው ባዶ ብረት ላይ ሳስቀምጠው፣ እንደታረደ ዶሮ ተወራጨ። ደንግጬ ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ።

«ዞረ?» አለ ሽማግሌው፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ።

መልሼ መቀመጫው ላይ አደረግኩት፤ ሬሳ ነው። ባዶው ብረት ላይ፤ ሕያው ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሲገባኝም ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ኤሌክትሪክ መመለሻ ከሌለው አይሄድም፣ ልጄ። ከባትሪው በሽቦ ይወጣል፣ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህንን መመለሻ ጋራዥ ውስጥ ማሳ እንለዋለን። ሞተሩ ማሳ የሚያገኘው በእግሮቹ ነው፤ እግሮቹ ብረቱን መርገጥ አለባቸው። አምፖሌ ግን ማሳዋን ያገኘችው እኔ ከቆነጠጥኩበት ንጹሕ ብረት እንጂ ከሞተሩ እግር አልነበረም። ስለዚህ ሁልጊዜ ትበራለች። አልዋሸችኝም። የጠየቅኳትን መለሰችልኝ። የጠየቅኳት ኤሌክትሪኩ መምጣቱን ነው፤ መመለሱን አልጠየቅኳትም።

መቀመጫውን በጣቴ ዳበስኩት። ከተጋገረው ግሪስና አቧራ ሥር የሚለሰልስ ነገር አለ። በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁት። የብስክሌት ከመነዳሪ ነው፤ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፤ በልክ ተቆርጦ ከሞተሩ እግር ሥር ተነጥፏል። ለብሎኖቹም ሳይቀር የላስቲክ ቀለበት ተሠርቶላቸዋል። በጥንቃቄ፣ በንጽሕና የተሠራ ሥራ ነበር። ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ሆን ተብሎ ቢሠራ ከዚያ የተሻለ አይሠራም።

«ይሄን እዚህ ያነጠፈ የትኛው ደንቆሮ ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ «ደንቆሮውን አውቀዋለሁ» አለ።

«ማን ነው?»

«ተወው አቦ። ሰውየው ልጅ ነበር።»

ላስቲኩን ገልብጬ አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። አንድ ቀይ ክብ ልጣፊ ወጣ፤ ከተቀደደ ኳስ ቆርጬ በራሴ መቀስ ያከበብኩት። የራሴ ብስክሌት ከመነዳሪ ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሽማግሌው መጥቶ «ኮፈኗ ሥር ጥርሷ ይንጫጫል፤ ተሳፋሪ ያፍርብኛል» ብሎኝ ነበር። የሚንጫጫው የመጥረጊያው ሞተር ነበረ። እኔም አልጋ አነጠፍኩለት፣ ድምፁ ጠፋ፣ ተመረቅኩ። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያውን የሞከረው ሰው አልነበረም፤ ሽንኩርት አለና።

የዙህር አዛን ተሰማ። ሽማግሌው ጀሪካኑን ይዞ ሊታጠብና ሊሰግድ ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ።

አሁን ለእናትሽ ያልነገርኳት ግማሽ ይመጣል።

አሮጌውን ሞተር ከጨርቁ ውስጥ አወጣሁት። ሽቦዎቹን አሰርኩለትና ባዶው ብረት ላይ አስቀመጥኩት። ዞረ። ከዚራ ካመጣነው ይልቅ ጸጥ ብሎ፣ እንደ ጤነኛ ሰው እየተነፈሰ ዞረ። ያ «ተቃጥሏል» ያልኩት ሽታ በሙቀት የከረመ ግሪስ ብቻ ነበረ። ባትሪ ላይ በቀጥታ ልሞክረው የምችለው በአምስት ደቂቃ ነበር፤ አልሞከርኩትም፤ አሽትቼ ፈረድኩ።

ሽማግሌው የሚያውቀው የላስቲኩን ነው። እሱንም ይቅር ብሎኛል። አሮጌው ሞተር በሕይወት መኖሩን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። የሴትዮዋን ሞተር እዚያው ብተወው ታክሲዋ ታልፋለች፣ ስሜም ይተርፋል። «ላስቲኩም ነበር፣ ሞተሩም ሞቶ ነበር» ብል ማን ይፈትነኛል? ሌላ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው አካባቢው የለም። አሮጌውን ወስጄ ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ብቀብረው፣ የሚመጣው ጎርፍ ይጠርገዋል።

አልዋሽሽም፤ አሰብኩት። አንድ ሶላት ሙሉ አሰብኩት። እንዲያውም ከአሸዋው የትኛው ጎን ጥልቅ እንደሆነ ድረስ አሰብኩ። ያስቆመኝ ትምህርትም ስብከትም አይደለም። ያ ብሎን ሲንቋቋ የቆመው ስፌት ነው። ጆሮዬ ውስጥ እንደቆመ ነበር።

ሽማግሌው ጺሙ ላይ ውሃ እንዳለ ተመለሰ።

«አባቴ፣ አሮጌው ሞተር አልሞተም።»

«ምን?»

«ይዞራል። አሁን ሞከርኩት። ትናንትም ብሞክረው ኖሮ ይዞር ነበር።»

«ታዲያ የሴትዮዋን ለምን አስፈታኸኝ?»

«ስላልሞከርኩት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

በአራቱ ቋንቋ እስኪወርድብኝ ጠበቅኩ። ድንጋይ ቢያነሳም አልሸሽም ነበር። እሱ ግን ሰማዩን አየና «ሰዓት ስንት ነው?» አለ።

«ሰባት ተኩል።»

«እንግዲያው የማን ሞተር የት እንደሚገባ ታውቃለህ። እጅህን አፍጥን።»

ልጄ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ ሬዲዮኔን ከማይሆን ባትሪ ጋር አገናኝተሽ ስታቃጥይው አንድ ሳምንት አላናገርኩሽም። ጥፋትሽን ራስሽ መጥተሽ ነበር የነገርሽኝ። ያን ሳምንት ይህ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ትዝ እንዳለኝ አታውቂም፤ ትዝ እያለኝም አኮረፍኩሽ። እንዴት ተብሎ እንደሚታረቅ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። እሱንም ብቻዬን ነው የተማርኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ዘግይቼ።

መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ፈተግኩት። ብረቱ ስለጋለ ጣቶቼን በጀሪካኑ ውሃ እያረጠብኩ ነበር የምሠራው። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ብሎኑን ሁለት ጊዜ ጣልኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌው ከመኪናዋ ሥር በሆዱ ተኝቶ አወጣልኝ። ጨርሼ «አብራው» አልኩ። ሳበው። ሁለቱ መጥረጊያዎች ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሱ ሰዎች ተንጠራርተው ተነሡ፣ ሄዱ፣ ተመለሱ።

«ጥርሷ ይንጫጫል» አልኩት።

«ይንጫጫ! ይንጫጫ!» አለ። በሳቁ መሀል ሳል ያዘው።

ምርመራው ሜዳ ላይ ከአምስት መኪና በኋላ ተራችን ደረሰ። ተቆጣጣሪው ሽማግሌውን ሲያይ ፈገግ አላለም። አንድ እጁ ጣሳውን ይዟል፤ ሌላው ኪሱ ላይ ያለውን ካቻቢቴ ነካ ነካ ያደርጋል።

«ሦስተኛ ነው፣ አባት።»

«ቆጥሬአለሁ።»

ውሃውን ደፋ። መስታወቱ ላይ አቧራው ጭቃ ሆኖ ወረደ፤ የሽማግሌው ፊት ከጭቃው በስተጀርባ ጠፋ። አንድ የልብ ምት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ መጥረጊያዎቹ ተነሡና ጭቃውን ወደ ጎን ገፉት። በተከፈተው ንጹሕ መስታወት የሽማግሌው ፊት ወጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ተቆጣጣሪው እስኪበቃው ሲሄዱና ሲመለሱ አየ። ሌላ ጣሳ አስመጣና ደገመ። ከዚያ ቦሎዋን፣ መስታወት ላይ የምትለጠፈውን የዓመቱን ወረቀት፣ ቆርጦ ሰጠ።

«ደንገጎ ላይ ጉም ሲይዝህ ታመሰግነኛለህ» አለው።

«አሁንም አመሰግንሃለሁ፤ ብቻ አትድገምብኝ» አለ ሽማግሌው።

ከዚያ ከሜዳው እንደወጣን አቆመና መሪው ላይ ግንባሩን ደግፎ ትንሽ ቆየ። ከሁለት ቀን ወዲህ ትንፋሼን ይዤ እንደነበር የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። የባቡሩ ጡሩንባ ከጣቢያው ወገን ተሰማ፤ ነፋሱም መጣ።

«ወደ ከዚራ» አለ።

ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ሞተሩ እጄ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። የሆነውን ነገር በሙሉ ነገርኳት፤ ሞተሩ እንዳልሞተ፣ ሳልሞክር እንደፈረድኩ፣ የባሏን መኪና በከንቱ እንዳስፈታሁ። ሽማግሌው ሊያግዘኝ «ልጁ እኮ…» ብሎ ጀመረ፤ በዓይኔ ከለከልኩት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። በሩን ይዛ ቆማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ፊቷ ግን የሚያዝን ሰው ፊት አልነበረም።

«ትናንት ከሰጠኋችሁ ወዲህ አልተኛሁም» አለች። «የመስጠቱ አይደለም። ከመኪናው ላይ ዕቃ ማውጣት ስጀምር፣ አይመጣም ብዬ የፈረድኩ መሰለኝ። በሉ መልሱልኝ። አሁኑኑ መልሱልኝ።»

መለስኩ። የሠራሁት ሥራ ሁሉ ቢረሳ ያኛው አይረሳኝም። እያንዳንዱን ብሎን ከተፈታበት ቀዳዳ ውስጥ አስገባሁ፣ ከሥሩ ብረቱን ጠረግኩ፣ ከመሄዴ በፊት እግሮቹ መርገጣቸውን በጣቴ ዳበስኩ። ሸራውን ስናለብስ እሷ አንዱን ጫፍ ያዘች። እኛ የግቢውን በር ሳንዘጋ ስፌቱ ጀምሮ ነበር።

ሽማግሌው አሁን የለም፤ አላህ ይዘንለት። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ ሳልሞክር ግን አልፈረድኩም፣ በሞተርም በሰውም ላይ። በሰው ላይ አንዳንዴ ፈርጃለሁ። እሺ፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ።

ከምርመራው በኋላ ሁለተኛው ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ታክሲዋ ዳሴ በር ላይ ቆመች። ሽማግሌው ሳይወርድ በመስኮት «ዋርያ፣ ዕቃህን ያዝና ግባ» አለኝ። ወዴት ብዬ ብጠይቅ አልነገረኝም። ከዚራ ስንደርስ የዚያ ግቢ በር ክፍት ነበር። ከአዲስ አበባ በመጣው ባቡር ወርዶ ጣቢያው በር ላይ ታክሲ ሲፈልግ ያገኘውን፣ ከእስር የተፈታውን የሴትዮዋን ባል፣ ሽማግሌው ነው በዚያችው መኪና ቤቱ ያደረሰው። ሰውየው ኮቱ ሰፍቶት፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ግቢው መሀል ቆሞ መኪናውን ያያል። ሸራው ተነሥቷል።

የጨበጠኝ እጅ አጥንት ብቻ ነበር። «ትነሣለች?» አለኝ።

«ባትሪው ሞቷል፣ ጎማዎቹም አልቀዋል። ግን ሞክሬ ነው የምነግርዎት። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ጊዜስ አለ» አለና በሩን ከፍቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አኖረ። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከቤት ወጣች፤ በሌላው በኩል ዞራ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። የመኪናዋ አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ ተነጥፈዋል።

«ወዴት ልውሰድሽ?» አላት።

«ዝም ብለህ ንዳ» አለችው።

ሽማግሌው እጅጌዬን ሳበኝ። ዕቃዬን እዚያው ትቼ፣ የግቢውን በር ድምፅ ሳናሰማ ገርበብ አድርገን ወጣን።